በአንድ ማዕድ ስንት ሰው? የመልካ ጀብዱና የድሬዳዋ ቤተሰብ ጥያቄ

መልካ ጀብዱ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ ወደ ሁርሶ በሚወስደው አቅጣጫ የምትገኝ፣ በከተማዋ አስተዳደር ሥር ያለች ሰፈር ናት። በአንድ ወገን የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮች፣ በሌላው የኦሮሞ ገበሬዎች ይጎራበቷታል። በአቅራቢያዋ የኢንዱስትሪ ፓርክና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጠና ይገኛሉ። እንዲህ ባለ ቦታ “ቤተሰባችሁ ስንት ነው?” የሚለው ጥያቄ ቀላል መልስ የለውም። ሴት ልጅ ዓረብ አገር ሄዳ ገንዘብ የምትልክበት ቤት አለ። የእህት ልጅ ለትምህርት ከገጠር መጥቶ የሚኖርበት አለ። አባት ከጅቡቲ በወር አንዴ ብቅ የሚልበት፣ ወይም ሌላ ትዳር ኖሮት ሳምንቱን ለሁለት የሚከፍልበት አለ። ቆጣሪው ግን በእያንዳንዱ ቅጽ ላይ አንድ ቁጥር ጽፎ መሄድ አለበት።

የቤተሰብ ብዛት ጉዳይ በአገራችን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል። የኢትዮጵያ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ መንግሥት ግን የሕዝብ ፖሊሲ ያወጣው ዘግይቶ፣ በ1985 ዓ.ም. ነበር። ፖሊሲው አንዲት ሴት በሕይወት ዘመኗ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር 7.7 ነው ብሎ ተነሣ፤ በ2007 ዓ.ም. ወደ 4 እንዲወርድ፣ የእርግዝና መከላከያ ተጠቃሚዎችም ከ4 በመቶ ወደ 44 በመቶ እንዲያድጉ ግብ አስቀመጠ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የወሊዱ አማካይ 4.6፣ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች 36 በመቶ ሆነው ተገኙ። ግቡ አልተሞላም። ሆኖም በ1992 ዓ.ም. መከላከያ የሚጠቀሙት 8 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ለሚያስታውስ፣ በ16 ዓመት ውስጥ የመጣው ለውጥ ትልቅ ነው። ለዚህም በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምና በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩት ወጣት ሴቶች ትልቁን ምስጋና ይወስዳሉ።

በክርክሩ ሁለት ድምፆች ጎልተው ይሰማሉ። አንዱ “ሕዝቡ በዛ፣ ልጅ ይቀነስ” ይላል። ሌላው “ድሮ ቤተሰብ ትልቅ ነበር፣ ከተማና ዘመን አፈረሱት” ይላል። ሁለቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ወሊድ ሲቀንስ ቤት ያንሳል ብለው ያስባሉ። የኢትዮጵያ ቁጥሮች ግን ይህን አያሳዩም፤ የጉዳዩ ዋና ቁም ነገርም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በ1992 ዓ.ም. የአገሪቱ ወሊድ አማካይ 5.5 ነበር፤ በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች አማካይ 4.8። በ2008 ዓ.ም. ወሊዱ 4.6፣ የቤቱ ሰው ደግሞ 4.6 ሆነ። ወሊዱ በአንድ ልጅ ገደማ ሲወርድ ቤቱ የቀነሰው በጣም ጥቂት ነው። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ግን የሚያስደስት ነው። በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። ሰባት ወልዳ ሦስት የቀበረች እናት ቤትና አራት ወልዳ አራቱንም ያሳደገች እናት ቤት በማዕዱ ዙሪያ እኩል ሰው አላቸው። አንዱን ቤት ከሌላው የሚለየው ሐዘኑ ነው፤ ሐዘን ደግሞ በአማካይ ቁጥር ውስጥ አይታይም። ስለ “ድሮው ትልቅ ቤተሰብ” በናፍቆት ሲወራ እነዚያ ያላደጉ ልጆች መረሳታቸው ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

ሁለተኛው ምክንያት የልጆች ከቤት መውጣት መዘግየት ነው። በደጋው ሕዝብ ዘንድ ወጣት ሲያገባ ጎጆ ይወጣ ነበር፤ ከአባቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ተጠቃሎ መኖር ለአማራ ገበሬ የተለመደ አልነበረም። ዘመድ በርስት ይተሳሰራል፣ ቤቱ ግን ለየብቻ ነው። ስለዚህ በደጋው አያት፣ አባት፣ ወንድማማቾችና ሚስቶቻቸው በአንድ ማዕድ የሚቀመጡበት ቤት ብዙዎቻችን እንደምናስበው የተለመደ አልነበረም። ዛሬ ጎጆ ለመውጣት መሬት ያስፈልጋል፣ መሬት ደግሞ የለም። በከተማ ኪራዩ ከደመወዙ ይበልጣል። ወጣቱም ሠላሳ ዓመት እየተጠጋ በወላጆቹ ቤት ይቆያል። ልጁ ባይወለድም ጎልማሳው አልወጣም፤ ቁጥሩ ባለበት ቆመ።

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አስተዳደሩ 341,834 ሕዝብ ነበረው፤ ከዚህም 68 በመቶ ያህሉ ከተማ ውስጥ ይኖር ነበር። በድሬዳዋ ከተማ በአንድ ቤት በአማካይ 4.2፣ በገጠሯ 4.9 ሰው ተቆጠረ። በዚያው ቆጠራ የአገሪቱ ከተሞች አማካይ 3.8 ብቻ ስለነበር፣ የድሬ ከተሜ ቤት ከሌላው ከተሜ ቤት ሰፋ ያለ ነው። ወሊዱም መሃል ላይ ያለ ነው። በ1992 ዓ.ም. 3.6 የነበረው በ2008 ዓ.ም. 3.1 ሆነ። በዚያው ጊዜ አዲስ አበባ ከ2 በታች ነበረች፤ ይህ ወላጆችን ቁጥር ለቁጥር ከሚተካው ልክ ያንሳል። የኦሮሚያ ወሊድ ከ6.4 ወደ 5.4፣ የአማራ ከ5.9 ወደ 3.7 ወረደ። የሶማሌ ክልል ግን በተቃራኒው ከ5.7 ወደ 7.2 ወጣ።

ድሬዳዋ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል ያለች ስለሆነች 3.1 የሚለው አማካይ ማንንም በትክክል አይገልጽም። በከተማዋ ከዚራ ሰፈር ያለች የባንክ ሠራተኛና በመልካ ጀብዱ ዳር ግመልና ፍየል ያላት እናት በአንድ አማካይ ውስጥ ገብተዋል። ለአርብቶ አደር ቤተሰብ ልጅ እረኛ ነው፣ ውኃ ቀጂ ነው፣ ድርቅ ሲመጣ ከብቱን ለሁለት ከፍሎ ለማሰማራት የሚያስችል ተጨማሪ ጉልበት ነው። ያው ቤተሰብ ከብቱ አልቆበት ወደ ከተማ ዳር ሲጠጋ ልጁ ደብተር፣ ዩኒፎርምና የትራንስፖርት ገንዘብ የሚጠይቅ ይሆናል። ይህ ሽግግር በሌሎች አገሮች ትውልድ ፈጅቷል፤ በመልካ ጀብዱ ዓይነት ቦታ ግን በአንዲት እናት የወሊድ ዕድሜ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። የመጀመሪያ ልጆቿን ለከብቱ ወለደች፣ የመጨረሻዎቹን ለትምህርት ቤቱ።

ጉዳዩን በሃይማኖት ብቻ ማሳበብ ለሚወዱ ኢራንን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ኢራናዊት በአማካይ ከስድስት በላይ ልጅ ትወልድ ነበር፤ ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቁጥሩ ወደ ሁለት ወረደ። የሴት ልጅ ትምህርትና የገጠር ጤና ጣቢያ ያመጡት ለውጥ ነው። ድሬዳዋም አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም ሆኖ ሳለ ወሊዷ ከአገሪቱ አማካይ በታች መሆኑ ይህንኑ ያሳያል።

የድሬዳዋ የቤተሰብ ዓይነት መነሻው ባቡር ነው። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ደረሰ፤ የሐረርን ተራራ መውጣት ወጪው ስለበዛ ከተማዋ በሐዲዱ ዳር ተቆረቆረች። የምድር ባቡር ሠራተኛ ቤተሰብ የደመወዝ ቤተሰብ ነበር፤ በእርሻ ላይ ሳይሆን በወር መጨረሻ ላይ የቆመ። ይህ ብዙ ነገር ለወጠ። የደመወዝ ሰው ዘመዱን ከገጠር ያመጣል፣ የወንድሙን ልጅ ያስተምራል፣ አማቱን ይጦራል። የከተማዋ ቤቶች ከሌሎች ከተሞች ሰፋ ማለታቸው በከፊል ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሠራተኛው ደግሞ በሐዲዱ ላይ ስለሚውል እናት ቤቱን ብቻዋን ታስተዳድራለች፣ ብዙዎቹም በጅቡቲ ዕቃ ይነግዳሉ። ሴት የምትመራው ቤት እንደ አዲስ የዘመን ጉድ ሲወራ እሰማለሁ፤ በድሬዳዋ ግን በስም አባወራ ያለው፣ በተግባር እናት የምታስተዳድረው ቤት አያቶቻችን የሚያውቁት ነው። በ2008 ዓ.ም. ጥናት በአገሪቱ ከአራት ቤት አንዱ የሴት ቤት ሆኖ ተመዝግቧል። ባል በስም ብቻ ያለባቸውን ቤቶች ብንጨምር ቁጥሩ ከዚህ ይበልጣል።

ሕጉም በድሬዳዋ የራሱ መልክ አለው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ይችላሉ፤ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ግን በፌዴራሉ መንግሥት ሥር ስለሆኑ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በቀጥታ ይሠራባቸዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል ነበር፤ አዲሱ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው። ፍቺ ለመጠየቅ ጥፋት ማስረዳትን አስቀረ። ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ አብረው የኖሩ ሰዎች ያፈሩት ንብረት የጋራ እንዲሆን ደነገገ። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ብዙ አይወራለትም፤ ነገር ግን ለሥራ መጥተው፣ ሽማግሌ ሳይላክ ጎጆ ለቀለሱ ጥንዶች ከሠርጉ በላይ የሚጠቅም ነው። ሰውየው ቢለያት ወይም ቢሞት ሴቲቱ ባዶ እጇን አትወጣም።

አስቸጋሪው ከአንድ በላይ ሚስት ማግባት ነው። የቤተሰብ ሕጉ በጋብቻ ላይ ጋብቻ ይከለክላል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያስቀጣል፣ ግን በሕግ እውቅና ያገኘ የሃይማኖት ወይም የባህል ሥርዓት ሲኖር ልዩ ሁኔታ ይፈቅዳል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ደግሞ ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ የጋብቻና የውርስ ጉዳይ ያያሉ። በ2008 ዓ.ም. ጥናት በአገሪቱ ካገቡ ሴቶች 11 በመቶ፣ በሶማሌ ክልል 29 በመቶ ያህሉ ባላቸው ሌላ ሚስት ነበረችው። እንዲህ ያለው ቤተሰብ በቆጠራ ላይ ሁለት ሆኖ ይቀመጣል። የሁለተኛዋ ሚስት ቤት እንደ ትንሽ ቤት፣ አንዳንዴም እንደ ሴት ቤት ይመዘገባል። በመዝገቡ ላይ “የቤተሰብ ብዛት ቀነሰ” ብለን የምናነበው ነገር፣ አንድ አባት በሁለት ግቢ መከፈሉ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ በዚህ ዘመን ቤተሰብን እየቀየረ ያለው የዓረብ አገር መንገድ ነው። የምትሄደው በአብዛኛው ወጣት ሴት ናት፤ በቤት ሠራተኛነት። ልጅ ካላት ልጇ ከአያት ጋር ይቀራል። ቤቱ ውስጥ አያትና የልጅ ልጅ ብቻ ይኖራሉ፤ መሃሉ ትውልድ በስልክና በሐዋላ ነው የሚገኘው። አያት በስተርጅና እንደገና እናት ትሆናለች፤ የትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ የምትገኘው እሷ ናት፣ ልጁ ሲታመም ሐኪም ቤት የምታድረውም እሷው። ይህን ዓይነት ቤት የሚያይ የድጋፍ ፕሮግራም እምብዛም አላየሁም። ድጋፉ “እናትና ልጅ” ወይም “አረጋዊ” ብሎ ይከፍላል፤ እሷ ግን ሁለቱም ናት።

መኖሪያ ቤቱም የራሱን ይወስናል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ብቻ ፈቅዶ ትርፉን ወረሰ። ኪራያቸው በጣም ርካሽ የሆኑት የቀበሌ ቤቶች ከዚያ መጡ። እንዲህ ያለ ቤት የደረሰው ቤተሰብ አይለቅም፤ ልጅ ሲያገባ በጎን አንድ ክፍል ይቀጥላል። በኋላ የመጣው ኮንዶሚኒየም በተቃራኒው ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጅ አስቦ ተሠራ። ስቱዲዮ ቤት ውስጥ የወንድም ልጅ ማሳደር አይቻልም። በመልካ ጀብዱ ዓይነት ሰፋ ያለ ግቢ ባለባቸው ዳርቻዎች ዘመድ አሁንም ይሰበሰባል፤ ወደ ፋብሪካ ሥራ የሚመጡ ወጣቶች ግን አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። አብረው ያበስላሉ፣ አብረው ይበላሉ፤ በቆጠራው ደንብ አንድ ቤት ናቸው፣ የሥጋ ዝምድና ግን የላቸውም።

ይህን ሁሉ የሚያሳይ አዲስ ቆጠራ የለንም። አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ሊካሄድ ታቅዶ ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም.ም እንደገና ተራዘመ። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቷል፣ ፓርክ ተከፍቷል፣ በመቶ ሺዎች ዓረብ አገር ሄደው ተመልሰዋል። ትምህርት ቤት የት ይሠራ፣ ስንት የውኃ ቦኖ ይተከል የሚባለው ግን የዛሬ ሕፃናት እናቶች ራሳቸው ሕፃናት ሳሉ በተሰበሰበ ቁጥር ላይ በተሠራ ግምት ነው።

ቆጠራው ሲመጣ “እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?” ከሚለው አጠገብ ሦስት ጥያቄዎች ቢጨመሩ ምኞቴ ነው፦ ለዚህ ቤት ገንዘብ የሚልክ ሰው የት ይኖራል፣ እዚህ ያሉትን ልጆች በየቀኑ የሚያሳድጋቸው ማን ነው፣ የቤቱ አባወራ ሌላ ቤት አለው ወይ። ሦስተኛውን ጥያቄ በመልካ ጀብዱም ሆነ በከዚራ ሰው ሁሉ በደስታ ይመልሳል ብዬ አልጠብቅም። ስለዚህ የሰፈሩን ቋንቋ የምትናገር፣ በእናቶች የምትታመን ቆጣሪ ያስፈልጋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ሥራ ለዓመታት ሠርተውታል፤ የትኛው በር ሲንኳኳ ማን እንደሚከፍት ያውቃሉ።