ሙሴ የሠራው ጣዖት

የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ የኮረብታ መስገጃዎችን ማፍረሱና ሐውልቶችን መስበሩ እግዚአብሔርን ከሚፈራ ንጉሥ የሚጠበቅ ነው። የሚያስደነግጠው ሙሴ የሠራውን የናስ እባብ መሰባበሩ ነው። እባቡ የባዕድ አምልኮ ዕቃ አልነበረም። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 21 እንደተጻፈው፣ በእግዚአብሔር ትእዛዝ በዓላማ ላይ ተሰቅሎ፣ የተነደፈ ሁሉ እያየው የዳነበት ነው። ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ ግን ሕዝቡ ዕጣን ያጥንለት ነበር። ስለ ዘመናችን ጣዖታት ስናወራ መነሻችን ይህ ቢሆን ይሻላል። ልብን ከአምላኩ የሚነጥቀው ብዙ ጊዜ በግልጽ ክፉ የሆነው አይደለም፤ መልካም ሆኖ ተሰጥቶ ከቦታው ያለፈው ነው፦ እንጀራው፣ የልጅ ትምህርቱ፣ የትውልድ ወገኑ፣ ስልኩ፣ ሌላው ቀርቶ የዝማሬ አገልግሎቱ።

«ታዲያ ሠርቶ ማደር፣ ወገንን መውደድ ጣዖት ማምለክ ነው ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ልዩነቱ የሚታየው ያ የምንወደው ነገር ከእግዚአብሔር ትእዛዝ ጋር ሲጋጭ ነው። ትርፍ እንዳይቀርበት ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ፣ በደለኛው የራሱ ወገን ስለሆነ ብቻ የሌላውን ደም እያየ ዝም የሚል ምእመን፣ የሚበልጥበትን በተግባር መርጧል። ጳውሎስም ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ መጎምጀትን ጣዖት ማምለክ ብሎታል። «እጾማለሁ፣ አሥራት አወጣለሁ» ማለትም ብቻውን መልስ አይሆንም። አሦር በሰማርያ ያሰፈራቸው ሕዝቦች እግዚአብሔርን ይፈሩ ነበር፤ ካህንም ተልኮላቸዋል። ነገር ግን ከየአገራቸው ያመጧቸውን አማልክትም ጎን ለጎን ያመልኩ ነበር። ሁለተኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 17 የሚወቅሳቸው አምልኮ ስላነሳቸው ሳይሆን ስለከፋፈሉት ነው።

ከባዱ ጥያቄ ጣዖትን መተው በምን ይመጣል የሚለው ነው። በትእዛዝ ይመጣል ያሉ ነበሩ። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ደስክና ዲኖ በሚባሉት ባዕድ አምልኮዎች ላይ ጠንክረው ተነሡ፤ ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱን በእጁ ላይ እንዲጽፍ አዘዙ። በጽሑፍና በሥርዓት ለቤተ ክርስቲያን የተዉት ውለታ የሚካድ አይደለም። ይሁንና በዚያ ዘመን ጣዖት አምልኳል የሚለው ክስ ሰው ማጥፊያ ሆኖ የንጉሡን የገዛ ልጆች ሳይቀር በላ። ሕዝቅያስ ናሱን መስበር ችሏል፤ የሚያጥነውን ልብ ግን ንጉሥ አይደርስበትም፤ ልጁ ምናሴ የፈረሱትን መስገጃዎች መልሶ ሠርቷቸዋል። በኢያሪኮ የቀራጮች አለቃ የነበረውን ዘኬዎስን ግን ማንም አላስገደደውም። ጌታ ቤቱ ገባ፤ እሱም የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሊሰጥ፣ በሐሰት የወሰደውንም 4 እጥፍ ሊመልስ በራሱ አንደበት ቃል ገባ። ሥራውን ይልቀቅ አይልቀቅ ሉቃስ አልጻፈም፤ የገንዘቡን አቅጣጫ ግን ጽፏል።