ጭንቀት በአፍና በምላስ ላይ ሲገለጥ

ወደ አጥቢያዎች በወጣን ቁጥር ተደጋግሞ የምንሰማው አንድ አቤቱታ አለ። ከቀዬአቸው የተፈናቀሉ፣ ሐዘን ያልወጣላቸው ወይም በዕዳ የተጨነቁ ምእመናን ወደ ንስሐ አባታቸው ቀርበው «ሚጥሚጣ እንደ ነካው ምላሴን ያቃጥለኛል፤ አፌ ደርቆ እህል አልቀምስ አለኝ» ይላሉ። ይጸልያሉ፣ ጠበል ይጠመቃሉ፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን አንዳንዶቹ ወራት አልፎም ሐኪም ሳያያቸው ይቀራሉ። ስለዚህ ጉዳዩን በጥቂቱ ማብራራት ወደድን።

ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉትን ሆርሞኖች በብዛት ያመነጫል፤ ምራቁም ይቀንሳል፣ ይወፍራል። ጤናማ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫል። ምራቅ አፍን ከማራስ አልፎ ጥርስን ከአሲድ ይጠብቃል፣ ተሕዋስያንንም ይገታል። ሲጎድል ምላስ ይለበልባል፣ የምግብ ጣዕም ይጠፋል፣ የአፍ ጠረን ይለወጣል። ጭንቀቱ ሲሰነብት የመከላከል ኃይል ስለሚዳከም በከንፈር ውስጥና በምላስ ጠርዝ ነጣ ያሉ ትንንሽ ቁስሎች ሊወጡ ይችላሉ። በእንቅልፍ ጥርሳቸውን የሚያፋጩም አሉ፤ ጠዋት መንጋጋቸውን ያማቸዋል፣ በምላሳቸው ጠርዝም የጥርስ አሻራ ይታያል። ጭንቀትን ለመርሳት ጫትና ሲጋራ የያዘ ሰው ደግሞ ድርቀቱን ያባብሰዋል።

በ1ኛው የዓለም ጦርነት በምሽግ የነበሩ ብዙ ወታደሮች ድዳቸው እየቆሰለና እየደማ ተሠቃይተዋል። ጭንቀት፣ የምግብ እጥረትና የአፍ ንጽሕና መጓደል ሲገናኙ ሕመሙ ይነሣል። ሦስቱም በመጠለያዎቻችን ውስጥ አሉ። ለተፈናቃዮች እህልና ብርድ ልብስ ስናከፋፍል የጥርስ ብሩሽ ወይም መፋቂያ የዘነጋንባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ጉድለቱ የራሳችን ነው።

ይሁን እንጂ «ጭንቀት ነው» ብሎ መደምደም አደገኛ ነው። የብረትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የስኳር ሕመም እንዲሁም አንዳንድ መድኃኒቶች ምላስን ያቃጥላሉ ወይም አፍን ያደርቃሉ። ምላስን የሚሸፍን ነጭ ፈንገስ ኤችአይቪን ጨምሮ የመከላከል ኃይል መዳከምን ሊያመለክት ይችላል። ትንንሽ ቁስሎች ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ በራሳቸው ይድናሉ፤ ከ2 ሳምንት ያለፈ ቁስል ግን ካንሰር አለመሆኑ በሐኪም መረጋገጥ አለበት።

አባቶች ካህናት ሆይ፣ ምእመኑ ሕመሙን ሲነግራችሁ መቼ እንደ ጀመረው፣ በዚያን ሰሞንም ምን እንደ ደረሰበት በትዕግሥት ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ሐዘኑን የሚናገረው ያን ጊዜ ነው። እስኪታከም ድረስ በርበሬ የበዛበትን ወጥ ይተው፣ ለብ ባለ የጨው ውኃ አፉን ይጉመጥመጥ። በጾም ሰዓት መድኃኒት ለመዋጥ የሚያመነታ ከሆነ የእናንተ ፈቃድ ያሳርፈዋል። ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪ መድኃኒት ጉዳይ ማስተማራቸውም ይታወሳል። ሰበካ ጉባኤያት በበኩላቸው የጥርስ ሕክምና የሚሰጠው ቅርብ ጤና ተቋም የት እንደ ሆነ አጣርተው ያስታውቁ፤ ለችግረኛውም ከምግባረ ሠናይ ገንዘብ የመጓጓዣ ወጪ ይመድቡለት።