የሽማግሌው ባሕር ዛፍ

ከደብረ ታቦር ተነስቶ ወደ ነፋስ መውጫ የሚያቀና መንገደኛ ጉናን በቀኙ ትቶ ሲጓዝ፣ በገብስና በድንች ማሳ መሐል ቀጥ ብሎ የቆመ ባሕር ዛፍ ያያል። ማሳው የማን ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት ወይም ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። ጎረምሳው ከተማ ገብቷል፤ በሬው ተሽጧል፤ ሞፈር የሚጨብጠው ክንድ ዝሏል። ባሕር ዛፍ ደግሞ በየዓመቱ እረሱኝ፣ አርሙኝ፣ እጨዱኝ አይልም። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይጠበቅና ይቆረጣል፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ደግሞ ይቆረጣል። ቀጭኑ ማገር፣ ወፈር ያለው ቋሚ፣ ረጅሙ አጣና ሆኖ ነጋዴ ማሳው ድረስ መጥቶ ይጭነዋል። ከተማ ውስጥ ፎቅ ሲነሳ ዙሪያውን የሚታሰረው መወጣጫም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የሽማግሌ ንብረት ነገር በሌላም አገር ያሳስባል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1964 የተወለደው ብዙ ሕዝባቸው ሲያረጅ የሚያሰጋቸው አንድ ነገር አለ፤ ሽማግሌው ሁሉ ቤቱንና አክሲዮኑን ባንድ ጊዜ ለገበያ ቢያወጣ ገዢ ከየት ይመጣል? የደቡብ ጎንደር ጭንቅ የዚህ ግልባጭ ነው። 65 ዓመት ያለፋቸው ኢትዮጵያውያን ከመቶ አራት አይሞሉም። ነገር ግን ከወጣቱ ይልቅ መሬት በእጃቸው ያለው እነሱ ናቸው፤ መሸጥም አይችሉም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሸጥ መለወጡን ከለከለ። ከዚያ በአማራ ክልል የ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ መጣ። በደርግ ዘመን ሹም ስለነበር «ቢሮክራት» የተባለው ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር፣ እንዳያልፍ ተደርጎ ትርፉ መሬት ለሌለው ታደለ። ቁስሉ ዛሬም አልደረቀም፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። እዚህ የሚያስፈልገን ሒሳቡ ነው። ያኔ ዕጣ የደረሰው የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ዛሬ ስልሳ ሊሞላው ነው። ለዕጣ ያልደረሰው የ17 ዓመት ልጅ 46 ዓመት ሆኖታል፤ ወልዶ ከብዶም የአባቱን እጅ ያያል። ከ1995 ጀምሮ በታደለው የይዞታ ደብተር ላይ የተለጠፈው ፎቶግራፍ የእሱ አይደለማ።

ጡረታ የሚለው ቃል ከመጦር የመጣ ነው። የጡረታ አዋጆች የመንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኛውን ከደመወዝ በሚቆረጥ መዋጮ ይጦሩታል። ገበሬውን የሚጦረው ግን የወለደው ነው። መሬት እዚህ አገር ከማብላቱ ሌላ ጧሪን አጠገብ ያቆያል። ሁሉን ለልጁ አስረክቦ ባዶ እጁን የቀረ አባት፣ ማን ዞር ብሎ ያየኛል ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። እናም ከፊሉን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፣ ከፊሉን ባሕር ዛፍ ይተክልበታል፣ ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ይቆልፋል።

ጎረቤት ግን ይከፋል፤ የባሕር ዛፉ ጥላና ሥር የድንበርተኛውን ገብስ ያቀጭጨዋልና። ድንበሩ ላይ ቦይ ቆፍሮ ወደ እሱ የሚሳበውን ሥር ይቆርጣል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ቦዩ ይደፈናል። ቆይቶ እሱም ይሰለቸዋል፤ ገብሱን ይተውና ችግኝ ይገዛል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋም ድንች ይበሰብሳል፤ ዛፍ ቆሞ ይጠብቃል።

የከተማው ጡረተኛም ቢሆን ጡረታውን ብቻ አይጠብቅም፤ ግቢው ውስጥ ሁለት ሦስት ሰርቪስ ክፍል ሠርቶ ያከራያል። የጭቃ ቤቱ ቋሚና ማገር ከዚያው ከገጠሩ አዛውንት ማሳ የመጣ ነው።

የግብርና ባለሙያዎች ባሕር ዛፍ ከእርሻ መሬት ይውጣ ይላሉ። ስለ አፈሩና ስለ እህሉ ካነሳን እውነት አላቸው። ነገር ግን የገበሬ ጡረታ ሳይጀመር ሽማግሌውን ንቀል ማለት መጦሪያህን ጣል ማለት ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልነቅልም።