‹ጭንቀት› እና ‹አንግዛይቲ› አቻ ቃላት ናቸውን?

በአዳማ፣ በሞጆ ወይም በባቱ ከሚኖሩ ተማሪዎች ብዙዎቹ በቤታቸው ኦሮምኛ፣ በገበያ አማርኛ፣ በክፍል ውስጥ ደግሞ እንግሊዝኛ ይናገራሉ። ለመሆኑ የስሜት ቃል ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ትርጉሙ ሳይሸራረፍ ይደርሳልን?

እንግሊዝኛ ‹አንግዛይቲ› እና ‹ስትረስ› ብሎ የሚለያቸውን አማርኛ ብዙ ጊዜ ጭንቀት በሚል አንድ ቃል ይጠቀልላቸዋል። አንግዛይቲ ገና ላልደረሰ ነገር የሚሰማ ስጋት ሲሆን፣ ስትረስ ግን አሁን ከተሸከምነው ጫና የሚመጣ ነው። በፈተና ዋዜማ ሁለቱ ስለሚገናኙ ልዩነታቸው ይደበዝዛል። ‹ኤንቪ› እና ‹ጄለሲ›ም እንዲሁ በእኛ ዘንድ ቅናት ናቸው። ይህ ግን አማርኛን ድኃ አያሰኘውም፤ የሌላውን ማግኘት የሚጠላውን ክፉ ስሜት ምቀኝነት ብሎ ለብቻው ሰይሞታልና።

የቃላቱን ሥር ስንመረምር የሚያስገርም ዝምድና እናገኛለን። አንግዛይቲ ማነቅ፣ ማጥበቅ ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ነው። የኦሮምኛው ‹ዺጲና› ጠባብ ማለት ከሆነው ‹ዺጶ› ጋር ይዛመዳል። የአማርኛው ጭንቀትም፣ ወደ ጅቡቲ የሚያልፉ ከባድ መኪኖች የአዳማን መንገድ ሲሞሉት ከምንናገረው ‹መጨናነቅ› ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሦስቱም ቋንቋዎች ስሜቱን የሰየሙት ከደረት መጥበብ ተነሥተው ይመስለናል።

በ2019 እ.ኤ.አ. ‹ሳይንስ› በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት 2,474 ቋንቋዎችን አነጻጽሮ የስሜት ቃላት ትርጉም ከአንዱ የቋንቋ ቤተሰብ ወደ ሌላው በእጅጉ እንደሚለያይ፣ በመልክዓ ምድር የሚቀራረቡት ግን ይበልጥ እንደሚመሳሰሉ አሳይቷል። ደስ የሚያሰኘውን ከማያስደስተው፣ የሚያነቃቃውን ከሚያረጋጋው መለየት ግን የጋራ መሠረት ሆኖ ተገኝቷል።

ነገሩ ከመዝገበ ቃላት አልፎ ሐኪም ቤት ሲደርስ ይከብዳል። ‹ዲፕሬሽን› የተባለው ሕመም በአማርኛ ድብርት ይባላል። ይሁን እንጂ ትምህርት የሰለቸው ወጣትም ‹ደበረኝ› ይላል! ስለሆነም በእውነት የታመመው ተማሪ ይህንኑ ቃል ሲናገር ጓደኞቹ እንደ ተራ መሰልቸት ቆጥረው ሊያልፉት ይችላሉ። የሕክምናው መመዘኛ ግን በስሙ ላይ አይቆምም። ኀዘኑ ወይም የፍላጎት ማጣቱ ቢያንስ ለ2 ሳምንታት ዕለት በዕለት ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ መዝለቁን፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መለወጡን፣ ኃይል ማጣቱን ይጠይቃል። እነዚህን ደግሞ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ አንዳች የእንግሊዝኛ ቃል ሳንዋስ፣ ጓደኛችንን ልንጠይቀው እንችላለን።