የዋይፋይ ተራ አጠባበቅ

የዋይፋይ ተራ አጠባበቅ አንድን የሬዲዮ ቻናል የሚጋሩ ስልኮች፣ ኮምፒውተሮችና ራውተሮች መረጃቸው ሳይጋጭ የሚላላኩበት ሥርዓት ነው። በሙያው ሲ.ኤስ.ኤም.ኤ/ሲ.ኤ ይባላል፤ በግርድፉ «አዳምጦና ግጭትን ሸሽቶ መላክ» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣው የመጀመሪያው 802.11 ደረጃ ጀምሮ የዋይፋይ መሠረት ሆኖ ቆይቷል።

ስልኩ ላይ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ሳለ ኢንተርኔቱ ሲጎተት ብዙ ሰው የሚወቅሰው መስመሩን ነው። ጥፋቱ የመስመሩ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከራውተሩ ወዲህ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ባለው አየር ላይ የተፈጠረ ወረፋም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ተጨማሪ ከፍሎ ፈጣን መስመር ማስገባት ችግሩን አይፈታውም።

ግጭትን ማወቅ ለምን ያስቸግራል

ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ ከላኩ ምልክቶቹ ይደራረቡና ተቀባዩ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ማንበብ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራ የጀመረው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው አሎሃኔት ይህን ችግር የፈታው በቀላል መንገድ ነበር፤ የፈለገ ይልካል፣ መልስ ካልመጣለት ጥቂት ቆይቶ ይደግማል። በኋላ የመጣው ባለ ገመዱ ኤተርኔት ደግሞ እየላከ ያዳምጥ ነበር፤ ግጭት ሲሰማ ወዲያው ያቆማል።

ዋይፋይ ይህን ማድረግ አይችልም። ሐረር ውስጥ በልብስ ስፌት መኪኖች ድምፅ የተሰየመውን የመኪና ግርግር መንገድ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ቶሎ ይገባዋል፤ የራሱ መኪና እየሠራ ያለ ሰፊ የጎረቤቱ መኪና መነሣቱን በጆሮው መለየት ይቸግረዋል። በሬዲዮ ሲሆን ልዩነቱ እጅግ የከፋ ነው። አንድ ስልክ ሲልክ በራሱ አንቴና ላይ ያለው ኃይል ከሩቅ ከሚመጣው ምልክት በቢሊዮን እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ግጭቱን ከማወቅ ይልቅ አስቀድሞ መሸሽ ተመረጠ።

ቆጠራው

ለመላክ የፈለገ መሣሪያ መጀመሪያ ቻናሉን ያዳምጣል። ሥራ ላይ ሆኖ ካገኘው እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ጸጥ ካለም በኋላ ወዲያው አይልክም፤ በ5 ጊጋኸርዝ ላይ በመሠረታዊው አሠራር 34 ማይክሮ ሰከንድ ይቆያል። ከዚያ ከ0 እስከ 15 ካሉት ቁጥሮች አንዱን በዕጣ ያወጣና በየ9 ማይክሮ ሰከንዱ አንድ እየቀነሰ ወደ ታች ይቆጥራል። ዜሮ ሲደርስ ይልካል። በመሃል ሌላ ከቀደመው ቆጠራውን ባለበት ያቆማል፤ ቻናሉ ሲለቀቅም ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ አዲስ ዕጣ አያወጣም። ብዙ የጠበቀ ሰው ተራው እንዳይጠፋበት የሚያደርገው ይህ ነው።

መልእክቱ በደህና ከደረሰ ተቀባዩ ከ16 ማይክሮ ሰከንድ በኋላ «ደርሶኛል» የሚል አጭር ምላሽ ይልካል። 16 ከ34 ስለሚያንስ ማንም በመሃል ሊገባበት አይችልም። ምላሹ ካልመጣ ላኪው ግጭት እንደተፈጠረ ይገምታል። ከዚያም የዕጣውን ስፋት ወደ 31፣ ወደ 63፣ እያለ እስከ 1023 ያሰፋዋል። ሁለት ስልኮች ከ16 ቁጥሮች አንድ ዓይነት የማውጣታቸው ዕድል ከ16 አንድ ነው፤ ሃያ ስልኮች ሲሆኑ ግን ግጭቱ ይበዛል፤ መስፋቱ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ግድግዳ የሚደብቀው

ሥርዓቱ በሙሉ የቆመው «ሁሉም ሁሉንም ይሰማል» በሚል ግምት ላይ ነው። ይህ ግምት የሚፈርስበትን ቦታ ለማየት የሐረር ጀጎል ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ይህች በግንብ የታጠረች ከተማ 48 ሄክታር ላይ ያረፈች ስትሆን፣ የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ ጌ ጋር፣ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ወፍራም ግድግዳ አለው።

ራውተሩ በዋናው ክፍል፣ በጊዲር ጋር ውስጥ ተቀምጧል እንበል። እኅት ከጎን ባለው ክፍል፣ ወንድም ከግቢው ማዶ ሆነው ሁለቱም ቪዲዮ ይልካሉ። ከራውተሩ የሚለያቸው አንዳንድ ግድግዳ ነው፤ እርስ በርሳቸው ግን ሁለት ግድግዳ ይለያቸዋል። እሷ ስትልክ የእሱ ስልክ ቻናሉ ጸጥ ያለ ይመስለዋልና እሱም ይልካል። ግጭቱ የሚፈጠረው ራውተሩ ጋ ነው፤ ሁለቱም ስልኮች ደንቡን አክብረዋል። ይህ የተደበቀ ጣቢያ ችግር ይባላል።

መፍትሔው ፈቃድ መጠየቅ ነው። ስልኩ «ልላክ?» የሚል አጭር ጥያቄ ይልካል፣ ራውተሩም «ላክ» ብሎ የሚፈጀውን ጊዜ ይናገራል። ወንድም የእኅቱን ጥያቄ ባይሰማም የራውተሩን መልስ ይሰማልና ዝም ይላል። ብዙ ራውተሮች ግን ይህን ገደብ 2347 ባይት አድርገው ስለሚመጡ ለተራ መልእክት አይሠራም። በራውተሩ ላይ መቀየሩም በዋናነት የሚለውጠው ራውተሩ ራሱ የሚልከውን እንጂ ስልኮቹ የሚልኩትን አይደለም። በእንዲህ ዓይነት ቤት ራውተሩን ማንቀሳቀስም ችግሩን አይፈታውም፤ ስልኮቹ እርስ በርስ መሰማማታቸውን የሚወስነው በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ነውና። አንዱን መሣሪያ በገመድ ማገናኘት ግን ከአየሩ ፉክክር ያወጣዋል።

ሌላም የተሰወረ ወጪ አለ። ተራው በእኩል የሚከፋፈለው በቁጥር እንጂ በጊዜ አይደለም። 1500 ባይት የያዘ መልእክት በሰከንድ 54 ሜጋቢት ሲላክ 222 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ከግድግዳ ጀርባ ሆኖ ወደ 6 ሜጋቢት የወረደ ስልክ ግን ለዚያው መልእክት 2000 ይፈጃል። አንድ ሩቅ ስልክ ራውተሩ አጠገብ የተቀመጠውንም ያዘገያል።

ጎረቤት ኔትወርኮች

ያው የድንጋይ ግድግዳ የጎረቤትን ምልክት ስለሚያዳክም ጥቅምም አለው። በብሎኬት በተሠራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብዙ ራውተሮች ይሰማማሉ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የማይደራረቡት ቻናል 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ጎረቤትን ለመሸሽ ቻናል 3ን መምረጥ ብልህነት ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ቻናል ያሉ ኔትወርኮች ተሰማምተው ተራ ይጠባበቃሉ፣ በከፊል የተደራረቡት ደግሞ አንዱ ለሌላው የማይነበብ ጫጫታ ይሆናሉ።

ዋይፋይ 6 ተብሎ የሚታወቀው 802.11ኤኤክስ ራውተሩ ቻናሉን ሸንሽኖ ለብዙ ስልኮች በአንድ ጊዜ እንዲያድል ያስችለዋል። ያም ሆኖ ራውተሩ ራሱ ቻናሉን ለማግኘት እንደማንኛውም ስልክ ያዳምጣል፣ ዕጣ አውጥቶም ይቆጥራል።