ጥቁር ሁሉ ዘይት አይደለም

በ2012 ዓ.ም. የዓባይ ውሃ ጉባ ላይ ከሕዳሴ ግድብ ጀርባ መተኛት ሲጀምር፣ ከሰኔ 20 እስከ ሐምሌ 5 እንዴት እየሰፋ እንደሄደ ካሳዩት አንዱ የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ሳተላይት ሴንቲኔል-1 ነው። ራዳሩ የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ይቀበላል፤ የክረምት ደመናም ሆነ ጨለማ አያግደውም።

ይኸው መሣሪያ ባሕር ላይ የፈሰሰ ዘይትም ይጠቁማል። ባሕር ስለሌለን ይሆናል፣ ይህ ሙያው እኛ ዘንድ አይወራለትም። የምንቀዳው ነዳጅ ግን ጅቡቲ የሚደርሰው በመርከብ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በባብ ኤል-መንደብ አካባቢ የተመታችው ሩቢማር የተባለች መርከብ 29 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ ዘይት ትታለች።

ታዲያ ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፦ ራዳር ዘይትን አያይም። የሚያየው የውሃውን ገጽ ልስላሴ ነው። ሞገዱን በጎን አጋድሎ ይልካል፤ የለሰለሰ ውሃ እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንጸባርቀው ምስሉ ይጠቁራል። ነፋስ የሚያስነሳቸው ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ የውሃ ሞገዶች ግን ወደ ሳተላይቱ ይመልሱታልና ይነጣል። ስስ የዘይት ሽፋን እነዚህን ትንንሽ ሞገዶች ያፍናል።

የሚያፍናቸው ግን ዘይት ብቻ አይደለም። ነፋስ ሲሞት ውሃው ሁሉ ይጠቁራል። ከአልጌና ከዓሣ የሚወጣ ቅባት፣ አንዳንዴም ዝናብ፣ ተመሳሳይ ጥቁር ጥላ ይተዋል። አሶሳ ያገኘሁት አንድ ወጣት ከሕዳሴ ግድብ ጀርባ የተኛውን የንጋት ሐይቅን የራዳር ምስል በስልኩ እያሳየኝ ጥቁሩን ጥግ «ዘይት ፈሶበታል» አለኝ። ጥቁሩ ያለው ኮረብታ ነፋሱን በሚከልልበት ዳርቻ ብቻ ነበር። ተቃራኒውም ያጋጥማል፦ ኃይለኛ ነፋስ ሐይቁን ሲያናውጠው ውሃው ነጥቶ ከየብስ ጋር ይመሳሰላል፤ ቸኩሎ የሚያሰላም ሰው «ሐይቁ ጎደለ» ይላል። የዕለቱን ነፋስ ሳያዩ እንዲህ ያለ ምስል ለሕዝብ መልቀቅ ነውር ነው!

ለዘይት ፍለጋ የሚመቸው በሰከንድ ከ3 እስከ 10 ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ ነው። ከዚያ ሲያንስ ሁሉም ይጠቁራል፤ እጅግ ሲበረታ ዘይቱ ከውሃው ጋር ተደባልቆ ይሰወራል። ከመርከብ ኋላ የተጎተተ ቀጭን ጥቁር መስመር ጥርጣሬን ያጠናክራል። ስንት በርሜል እንደፈሰሰ ግን አንዱ ምስል ብቻውን አይነግርም። ስለዚህ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ የባሕር ደኅንነት ኤጀንሲ የክትትል አገልግሎት የሚልከው ማስጠንቀቂያ «እዚህ ጋ ዘይት ሊኖር ይችላል» የሚል ነው፤ የሚያረጋግጡት ወደ ቦታው የሚላኩ አውሮፕላኖችና መርከቦች ናቸው።