«ሼምፉሊ» ከማለታችሁ በፊት…

እንግሊዝኛ የመንቀፊያ ቃል ሞልቶታል፤ ቁም ነገሩ ሚዛኑን ማወቅ ነው። «ቴሪብሊ» ዛሬ ጥርሱ ወልቋል፤ «ቴሪብሊ ሶሪ» ቢሏችሁ «በጣም ይቅርታ» ማለታቸው ነው። «ሼምፉሊ» እና «ዲስግሬስፉሊ» ግን «በሚያሳፍር ሁኔታ» ናቸውና ሰውየውን ራሱን ያዋርዳሉ። «አንፌርሊ» ማለትም «ያለ አግባብ» ድርጊቱን ብቻ ይነቅፋል።

ሳሪስ አቦ የማውቃት አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለከለከላት የውጭ አገር አለቃዋ በጻፈችው ደብዳቤ ላይ «ሼምፉሊ» ሦስት ጊዜ ሰፍሯል። «እህቴ፣ ገንዘብሽን ነው ወይስ ጠብ የምትፈልጊው?» አልኳት። «አንፌርሊ»ን አንዴ ብቻ አስገባን። ከሥሩ የሠራችውን ሰዓት ቆጥረን የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ን ጠቀስን፤ የቀን ትርፍ ሰዓት የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል ይላል።

እናንተም ስትናደዱ ቃሉን ቀንሱ፣ ቁጥሩን ጨምሩ!